ገና ላላለቀ ፕሮግራም መመሪያ መጻፍ፦ የተንደርበርድ ለአንድሮይድ ሙከራ እትም የሥራ ማስታወሻ

መስከረም 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ተንደርበርድ ለአንድሮይድ የተባለው የኢሜይል ፕሮግራም የሙከራ እትም መስከረም 20 ቀን ለሕዝብ ወጥቷል። እኔም የመሥሪያ ቤቴ ባልደረቦችና በራሳቸው ዶሜይን ኢሜይል የሚገለገሉ ሌሎች አነስተኛ ድርጅቶች ሊጠቀሙበት የሚችሉ የአማርኛ መመሪያ ማዘጋጀት ጀምሬያለሁ። ፕሮግራሙ ገና እየተሠራ ሳለ መመሪያውን ምን አስቸኮለው የሚል ጥያቄ ከወዲሁ ቀርቦልኛል። ሰው መመሪያ የሚፈልገው ፕሮግራሙን በጫነበት ቀን ነው፤ የሙከራውን እትም የጫኑ ሰዎች ደግሞ ዛሬውኑ አሉ። ከዚህም ሌላ መመሪያ የሚጽፍ ሰው እያንዳንዱን ቁልፍ ነክቶ ማየት ስላለበት፣ ግራ የሚያጋባውን ነገር ቀድሞ የሚያገኘው እሱ ነው። ያገኘውን ለአዘጋጆቹ ቢያሳውቅ ደግሞ የሚሰሙት አሁን፣ ሁሉ ነገር ሳይጸና ነው።

ፕሮግራሙ አዲስ ስም ይኑረው እንጂ አዲስ ፍጥረት አይደለም። መሠረቱ ኬ-ናይን ሜይል ነው፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ2008 ከአንድሮይድ የራሱ የኢሜይል ፕሮግራም ሶርስ ኮድ ተነሥቶ በበጎ ፈቃደኞች የተገነባ ነው። በጁን 2022 ኬ-ናይን ከተንደርበርድ ቤተሰብ ጋር መቀላቀሉ ታወጀ፤ አሁን ሁለቱ ስሞች ከአንድ ኮድ እየተሠሩ ይወጣሉ። የኮምፒውተሩ ተንደርበርድ ደግሞ የመጀመሪያ እትሙ በ2003፣ እትም 1.0 በዲሴምበር 2004 የወጣ ነው።

ይህን ታሪክ እዚህ የማነሣው የሥራውን ቅደም ተከተል የሚወስንልኝ ስለሆነ ነው። ደብዳቤ የሚመጣበት፣ የሚላክበትና የሚሰረዝበት ውስጠኛው ክፍል ለዓመታት ተፈትኖ የረጋ ሲሆን፣ ከላይ የሚታየው ገጽታ፣ በተለይም ከጎን የሚወጣው የአካውንቶችና የፎልደሮች ዝርዝር፣ በመለዋወጥ ላይ ነው። ስለዚህ መጻፍ የምጀምረው ከረጋው ነው። ገጽታውን የሚመለከቱ ምዕራፎች ለመጨረሻ ይቆያሉ።

መስከረም 24

የመመሪያውን ቅርጽ ዛሬ ወሰንሁ። እያንዳንዱ ገጽ አንድ ሰው ሊያደርገው በሚፈልገው ነገር ይሰየማል፤ «የመሥሪያ ቤት ኢሜይሌን ስልኬ ላይ ማስገባት»፣ «ዳታ ሳይኖር ደብዳቤ መጻፍ» እንደሚለው። የፕሮግራሙን ሜኑ ተራ በተራ የሚተርክ መመሪያ፣ ሜኑው በተቀየረ ቁጥር ከሥሩ ይፈርሳል፤ የሰው ፍላጎት ግን ከእትም እትም አይቀየርም። በገጹ ግርጌ ገጹ የተሞከረበት የፕሮግራም እትም ቁጥርና ቀን ይጻፋል። ስክሪንሾት የሚገባው ያለ ሥዕል ሊገለጽ በማይችል ቦታ ብቻ ነው፤ የጎኑ ዝርዝር እስኪረጋ ድረስ የእሱ ሥዕል ጨርሶ አይገባም።

ከሁሉ ቀድሜ የጻፍሁት «ይህ ፕሮግራም ገና የማይሠራቸው ነገሮች» የሚለውን ገጽ ነው። ቀን መቁጠሪያ የለውም። ደብዳቤን በራሱ እየለየ ወደ ፎልደር የሚመራ ማጣሪያ የለውም። የማይክሮሶፍት ኤክስቼንጅን (የመሥሪያ ቤቶች የኢሜይል ሰርቨር) የራሱን ፕሮቶኮል አያውቅም፤ ኤክስቼንጅ የሚጠቀም መሥሪያ ቤት ሰርቨሩ ላይ አይማፕ (ደብዳቤን ሰርቨሩ ላይ እንዳለ ለማንበብ የሚያስችል የጋራ ደንብ) ካላስከፈተ በቀር በዚህ ፕሮግራም ሊገለገል አይችልም። ደብዳቤ ሲጻፍ ፊደል ለማድመቅ ወይም ቀለም ለመቀየር የሚያስችል መሣሪያ የለም። ለአይፎን የሚሆን እትም የለም። በኮምፒውተሩ ተንደርበርድ ላይ የተደረገ የሴቲንግ ለውጥ ስልኩ ላይ በራሱ አይታይም።

አንድ ባልደረባዬ ረቂቁን አይቶ፣ በጉድለት የሚጀምር መመሪያ ሰውን ያሸሻል ሲል ተከራከረኝ። እኔ የተገላቢጦሹን አምናለሁ። ማጣሪያ ፍለጋ ሜኑ ለሜኑ ሲንከራተት የዋለ ሰው ፕሮግራሙን ብቻ ሳይሆን መመሪያውንም ማመን ያቆማል፤ «የለም» የሚል አንድ መስመር አግኝቶ ቢሆን ኖሮ ግን ቀኑን አያጠፋም ነበር። ገጹ ከመጀመሪያው ቦታው አይነሣም።

መስከረም 27

አካውንት ማስገባትን የሚመለከተው ገጽ ከሁሉ የከበደ ነው፤ ረጅም ጊዜ ወስዶብኛል፣ ሊወስድም ይገባዋል። ሰው እዚህ ላይ ከወደቀ የተቀሩትን ገጾች አያያቸውም።

ፕሮግራሙ በመጀመሪያ የሚጠይቀው የኢሜይል አድራሻን ብቻ ነው። አድራሻው ሲገባ፣ ከ«አት» ምልክቱ በኋላ ያለውን የዶሜይን ስም ይዞ የሰርቨሩን ሴቲንግ ለማግኘት ይሞክራል፤ የዶሜይኑ ባለቤት ለዚሁ ያስቀመጠው ፋይል እንዳለ ይፈልጋል፣ ተንደርበርድ ለዓመታት ያጠራቀመውን የኢሜይል አቅራቢዎች ዝርዝርም ያያል። ጂሜይልንና ያሁን በመሳሰሉት ላይ ይህ ፍለጋ በቅጽበት ይሳካል። በአነስተኛ ድርጅት ዶሜይን ላይ ግን ብዙ ጊዜ ምንም አይገኝም፤ ፕሮግራሙም ሴቲንጉን ተጠቃሚው ራሱ እንዲሞላ ቅጹን ይሰጠዋል። የኔ አንባቢዎች በአብዛኛው የሚደርሱት እዚህ ቅጽ ላይ ነው፤ ስለዚህ መመሪያው ቅጹን እንደ ልዩ ሁኔታ ሳይሆን እንደ ዋና መንገድ ያስተናግደዋል።

በቅጹ ላይ የሚሞሉት ነገሮች ፕሮግራሙ በተቀየረ ቁጥር የሚቀየሩ አይደሉም። ለገቢ ደብዳቤ አይማፕ ከተመረጠ፣ ከመጀመሪያው በቲኤልኤስ (ግንኙነትን በሚመሰጥረው ደንብ) ለተመሰጠረ ግንኙነት ፖርቱ (የግንኙነቱ በር ቁጥር) 993 ነው፤ በስታርትቲኤልኤስ (ሳይመሰጠር ተጀምሮ በኋላ በሚመሰጠረው) ከሆነ 143። ፖፕ3 (ደብዳቤን ከሰርቨር ወደ ስልክ የሚያወርደው ሌላው ደንብ) ሲሆን 995 እና 110። ለወጪ ደብዳቤ ኤስኤምቲፒ (የመላኪያው ደንብ) በ465 ወይም በ587 ይገባል። ከሁለቱ የምስጠራ መንገዶች ከመጀመሪያው የተመሰጠረው እንዲመረጥ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የኢንተርኔት ደረጃ ሰነድ ይመክራል፤ መመሪያውም ይህንኑ ያስቀድማል። ፖርት 25ን ግን ከነጭራሹ አልጠቀስሁትም፤ እሱ ሰርቨር ከሰርቨር የሚነጋገርበት እንጂ ተጠቃሚ ደብዳቤ የሚልክበት በር አይደለም።

ሰዎች በተደጋጋሚ የሚሰናከሉበት «የተጠቃሚ ስም» የሚለው ሳጥን ነው። በሲፓነል (የሆስቲንግ ማስተዳደሪያ ፕሮግራም) በሚተዳደሩ የኢሜይል ሳጥኖች ላይ የተጠቃሚ ስሙ ሙሉው የኢሜይል አድራሻ ነው፤ ከ«አት» ምልክቱ በፊት ያለው ብቻ ከተጻፈ፣ ፓስወርዱ ትክክል ቢሆንም ሰርቨሩ አይቀበልም። ተጠቃሚው ግን የሚያየው መግባት አለመቻሉን ብቻ ስለሆነ ፓስወርዱን ደጋግሞ ይሞክራል፤ አንዳንዱ ሰርቨርም ደጋግሞ የተሳሳተን አድራሻ ለጊዜው ያግደዋል። ይህ ማሳሰቢያ ከቅጹ ማብራሪያ በፊት፣ ጎልቶ በሚታይ ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል።

ሁለተኛው የሰርቨር የምስክር ወረቀት ነው። ብዙ ድርጅቶች በአንድ ሰርቨር ላይ ተዳብለው ስለሚኖሩ፣ ሰርቨሩ የሚያቀርበው የምስክር ወረቀት የሚጠራው የድርጅቱን ዶሜይን ሳይሆን የሆስቲንግ አቅራቢውን ስም ሊሆን ይችላል። ፕሮግራሙም ስሞቹ አለመግጠማቸውን አይቶ ይቆማል፣ ማስጠንቀቂያም ያሳያል። አደጋውን ተቀብሎ ለመቀጠል የሚያስችል ምርጫ እዚያው ገጽ ላይ አለ፤ የቸኮለ ሰውም እሱን ይጫናል። መመሪያው ግን እንዲህ ይላል፦ «አይቀጥሉ። ሆስቲንግ አቅራቢዎን የኢሜይል ሰርቨሩን ትክክለኛ ስም ይጠይቁና በሰርቨር ስም ሳጥን ውስጥ እሱን ይጻፉ።» በትክክለኛው ስም ሲሞከር ማስጠንቀቂያው ይጠፋል። ያኔም ካልጠፋ፣ ችግሩ ተጠቃሚው ሊፈታው የማይገባው ነው፤ በሕዝብ ዋይፋይ ላይ ሆኖ ይህን ማስጠንቀቂያ ያለፈ ሰው ፓስወርዱን ለማን እንደሰጠ አያውቅም።

ጥቅምት 1

የጂሜይልና የአውትሉክ መግቢያ ገጽ አጭር ሆኖ አልቋል። ጎግል ለግል አካውንቶች ከሌላ ፕሮግራም በተራ ፓስወርድ መግባትን ከሜይ 30 ቀን 2022 ጀምሮ ዘግቷል፤ ማይክሮሶፍትም በግል የአውትሉክ አድራሻዎች ላይ ይህንኑ ያደረገው መስከረም 6 ቀን ነው፣ የሙከራ እትሙ ሊወጣ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ማለት ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙ ፓስወርድ አይጠይቅም፤ የጎግልን ወይም የማይክሮሶፍትን የራሱን መግቢያ በብራውዘር ይከፍትና፣ ፈቃድ ሲሰጥ ወደ ፕሮግራሙ ይመልሳል። ተጠቃሚው ብራውዘር ሲከፈት ደንግጦ እንዳይዘጋው አስቀድሞ መንገሩ ይበቃል። በኢንተርኔት ላይ የሚገኙ አሮጌ ምክሮች «አነስተኛ ደኅንነት ያላቸው አፖች ይፈቀዱ» የሚለውን ቁልፍ ማብራት ያስተምራሉ፤ ያ ቁልፍ ዛሬ ስለሌለ፣ እንዳይፈልጉት አንድ ዐረፍተ ነገር ጨምሬያለሁ።

ጥቅምት 4

ስለ መሰረዝ የሚያወራውን ገጽ ከመጻፌ በፊት ሙከራ አደረግሁ። ለሙከራ ብቻ የከፈትሁትን የኢሜይል ሳጥን በኮምፒውተር ብራውዘር ከፍቼ፣ ስልኩን አጠገቡ አስቀምጬ፣ ከሌላ አድራሻ ደብዳቤዎች ላክሁ። ስልኩ ላይ አንዱን ስሰርዝ፣ ብራውዘሩ ገጹን ሲያድስ ደብዳቤው ከኢንቦክስ ጠፍቶ የተሰረዙ ደብዳቤዎች ፎልደር ውስጥ ተገኘ። ከዚያ በአካውንቱ ሴቲንግ «ደብዳቤ ስሰርዝ» በሚለው ሥር ሰርቨሩ ላይ እንዳይሰረዝ መርጬ ሌላውን ሰረዝሁ፤ ስልኩ ላይ ጠፋ፣ ብራውዘሩ ላይ ግን እንደነበረ ቀረ። ሁለቱም ትክክለኛ አሠራር ናቸው፤ ነገር ግን ተጠቃሚው የትኛው ላይ እንዳለ ሳያውቅ ከሰረዘ፣ ወይ ያላሰበውን ያጣል፣ ወይ አጠፋሁት ያለውን ነገር ሌላ ሰው ኮምፒውተሩ ላይ ያነበዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በጥልቀት መብራራት ነበረበት። በአይማፕ መሰረዝ ሁለት እርምጃ ነው፤ መጀመሪያ ደብዳቤው «የተሰረዘ» የሚል ምልክት ይደረግበታል፣ በኋላ በሌላ ትእዛዝ ከሰርቨሩ ጨርሶ ይወገዳል። ፕሮግራሙም ይህ ሁለተኛው እርምጃ ወዲያው ይሁን፣ ወይስ ደብዳቤ ለማምጣት ሲገባ፣ ወይስ ተጠቃሚው ራሱ ሲያዝ የሚል ምርጫ አለው። ወደ ተሰረዙት ፎልደር የተዛወረ ደብዳቤ ደግሞ ፎልደሩ ባዶ እስኪደረግ ድረስ ከኢሜይል ሳጥኑ ኮታ ላይ ቦታ ይይዛል። «ሁሉንም አጥፍቼ ሳለ ሳጥንህ ሞልቷል ይለኛል» የሚለው በየቢሮው የሚሰማ ቅሬታ መነሻው አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው፤ በመሆኑም ለዚህ ራሱን የቻለ ንዑስ ርእስ ሰጥቼዋለሁ።

በፖፕ3 ለሚጠቀሙ የተለየ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። ፖፕ3 የሚያውቀው ኢንቦክስን ብቻ ነው፤ የተላኩና በረቂቅ ያሉ ደብዳቤዎች ስልኩ ላይ ብቻ ይቀመጣሉ። የሙከራ እትም የጫነ ሰው ደግሞ አንድ ቀን ያንን እትም ማንሣቱ አይቀርም፤ ሲያነሣውም ስልኩ ላይ ብቻ የነበሩት አብረው ይጠፋሉ። ከፕሮግራሙ ውስጥ ወደ ፋይል የሚወጣው ሴቲንጉ ነው እንጂ ደብዳቤው አይደለም። ስለዚህ መመሪያው በቀጥታ «የሙከራውን እትም በፖፕ3 አይጠቀሙ» ይላል። መምረጥ የተጠቃሚው መብት ነው የሚል አስተያየት እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ሆኖም የሥራ ደብዳቤ ያለበት ሳጥን ላይ ልስልስ ያለ ምክር መስጠት ለአንባቢው መቆርቆር አይመስለኝም።

ጥቅምት 8

ዛሬ የሠራሁት «አዲስ ደብዳቤ ቶሎ እንዲደርሰኝ» የሚለውን ገጽ ነው። ፕሮግራሙ ደብዳቤ የሚያመጣበት ሁለት መንገድ አለው፤ በየተወሰነ ጊዜ ሄዶ መጠየቅና፣ ሰርቨሩ ራሱ እንዲያሳውቀው መስመር ከፍቶ መጠበቅ። በየጊዜው የመጠየቁ አጭሩ ልዩነት 15 ደቂቃ ነው። ሁለተኛው መንገድ በአይማፕ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ያለ አሠራር ሲሆን፣ በፖፕ3 አይገኝም። ሰርቨር ዝም ያለን መስመር ከ30 ደቂቃ በኋላ ሊዘጋው ስለሚችል፣ ስልኩ ቢያንስ በየ29 ደቂቃው ጥያቄውን እንዲያድስ ደረጃው ይመክራል።

ይህን ቁጥር መመሪያ ውስጥ ማስገባት አለብኝ ወይ ብዬ ብዙ አሰብሁ፤ አስገባሁትም፣ ምክንያቱም ተጠቃሚውን የሚያስጨንቁት ሁለት ነገሮች በእሱ ይፈታሉ። አንደኛው፣ ፕሮግራሙ በአዳዲሶቹ የአንድሮይድ እትሞች ላይ የማንቂያ ሰዓት የመሙላት ፈቃድ ይጠይቃል፤ የኢሜይል ፕሮግራም ከማንቂያ ሰዓት ጋር ምን አገናኘው ብሎ የሚጠራጠር ሰው መጠራጠሩ ተገቢ ነው፤ መልሱም፣ የተኛውን ስልክ በሰዓቱ ቀስቅሶ መስመሩን ለማደስ ነው። ሁለተኛው፣ ይህ መንገድ ሲበራ ከላይ በኖቲፊኬሽን ቦታ ላይ የማይጠፋ ማሳወቂያ ይቀመጣል፤ ይህም አንድሮይድ ከጀርባ ሳያቋርጥ የሚሠራን ፕሮግራም ለባለቤቱ እንዲታይ ስለሚያስገድድ ነው። ምክንያቱን ያወቀ ሰው ፈቃዱን ቢሰጥም ቢከለክልም አውቆ ያደርገዋል።

ዳታን በፓኬጅ ለሚገዛ ሰው ደግሞ ሌላ ምክር ታክሏል፤ ከየፎልደሩ ስንት ደብዳቤ እንደሚመጣና እስከ ምን መጠን ያለው በሙሉ እንደሚወርድ በአካውንቱ ሴቲንግ መወሰን ይቻላል። ከመጠኑ ያለፈ ደብዳቤ ከፊሉ ብቻ ይመጣና ቀሪው ሲፈለግ ይወርዳል። አሮጌ ደብዳቤ ስልኩ ላይ አለመታየቱ ጠፋ ማለት አይደለም፤ የዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ተጨማሪ እንዲያመጣ ማዘዝ ይበቃል።

ጥቅምት 12

ረቂቁን የመጀመሪያ አንባቢ ሞከረው። የሒሳብ ክፍላችን ኃላፊ፣ በዕድሜ ጠና ያሉ ሰው ናቸው፤ ስልካቸውንና የታተመውን ገጽ ይዘው ጠረጴዛቸው ላይ ተቀመጡ፣ እኔም ካልጠየቁኝ በቀር አፌን ላልከፍት ተስማምተን ከጎን ቆምሁ።

ገቢና ወጪ ሰርቨር የሚለው ላይ ሲደርሱ ቀና አሉና፣ «ልጄ፣ ይኼ ገቢ ወጪ የምትለው እንደኛ ሒሳብ ነው ወይስ ሌላ ነገር አለው?» አሉኝ። «ልክ እንደ ሒሳቡ ነው፣ ጋሼ፤ የሚመጣልዎት ደብዳቤ በአንዱ ይገባል፣ የሚልኩት በሌላው ይወጣል» አልኋቸው። «ታዲያ ስማቸው አንድ ዓይነት ሆኖ ለምን ሁለቴ እሞላለሁ?» አሉ። ጥያቄያቸው መመሪያው ውስጥ ቦታ ያገኘ ጥያቄ ነው። በብዙ ድርጅቶች ሁለቱም ሰርቨሮች አንድ ስም አላቸው፤ የሚለዩት በፖርቱ ቁጥር ነው። ሁለቴ መሞላቱ ስሕተት እንዳልሆነ የሚያስረዳ መስመር ከሌለ አንባቢው ከመቀጠል ይልቅ ወደ ኋላ ተመልሶ ራሱን ይጠራጠራል፤ አሁን መስመሩ ገብቷል።

ቀጥሎ ዳታቸውን አጥፍተው ደብዳቤ ጽፈው ላክ አሉ። ደብዳቤው ከፊታቸው ተሰወረ፤ እሳቸውም «ሄደ» ብለው ስልኩን አስቀመጡ። አልሄደም፤ መስመር እስኪገኝ ድረስ በወጪ ሳጥን ውስጥ ይቆያል። ለደመወዝ ወይም ለጨረታ ቀነ ገደብ ያለው ደብዳቤ ቢሆን፣ ይህ ልዩነት የሚያስከትለው ነገር ቀላል አይሆንም። «ዳታ ሳይኖር ደብዳቤ መጻፍ» የሚለው ገጽ አሁን የሚጀምረው ከወጪ ሳጥኑ ነው፤ እዚያ ውስጥ ያለ ሁሉ ያልሄደ መሆኑን፣ በተላኩ ፎልደር ውስጥ ሲታይ ብቻ እንደሄደ መቁጠር እንደሚገባ በሁለተኛው መስመር ላይ ይናገራል።

ጥቅምት 14

ለአማርኛ አንባቢ ብቻ የሚያስፈልጉ፣ በሌላ ቋንቋ መመሪያ ውስጥ የማይገኙ ነገሮች ዛሬ ተሰበሰቡ።

የጸጥታ ሰዓት የሚባል ሴቲንግ አለ፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ደብዳቤ ቢመጣም ስልኩ አይጮህም። ሰዓቱ የሚቆጠረው ግን በስልኩ አቆጣጠር ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ጸጥ እንዲል የሚፈልግ ሰው መሙላት ያለበት ከ21፡00 እስከ 7፡00 ነው፤ 3 ሰዓት ብሎ ከሞላ ጸጥታው የሚጀምረው ሌሊት በ9 ሰዓት ይሆናል። ሠንጠረዡን ሙሉውን 24 ሰዓት አድርጌ አስቀምጫለሁ፣ ማንም ስድስት እየደመረ እየቀነሰ እንዳይቸገር። ደብዳቤ የደረሰበት ቀንም በዝርዝሩ ላይ የሚታየው በፈረንጆች አቆጣጠር ስለሆነ፣ መዝገብ ላይ ሲሰፍር ወደ እኛው መመለስ እንደሚያስፈልግ ተጠቅሷል።

ሁለተኛው ፍለጋ ነው። ለፕሮግራሙ «ሠራተኛ» እና «ሰራተኛ»፣ «ዓመት» እና «አመት» የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ ድምፃቸው አንድ ቢሆንም ፊደላቸው በዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ ደረጃ) የተለያየ ቁጥር አለው። ላኪው በየትኛው እንደጻፈ የማያውቅ ሰው በሁለቱም መፈለግ አለበት። «የሠራተኞች ዓመታዊ ፈቃድ» የሚለውን ርእስ በምሳሌነት ወስጄ፣ በየትኞቹ አጻጻፎች ሊመጣ እንደሚችል አሳይቻለሁ፤ ይበልጥ የሚያዋጣው ግን ባለ ብዙ መልክ ፊደል የሌለበትን ቃል መርጦ መፈለግ ነው፣ እዚህ ላይ «ፈቃድ»።

ሌሎችን ለሚረዱ ሰዎች በተለየው ክፍል ደግሞ ስለ ርእስ መስመር አንድ አንቀጽ ገብቷል። የግእዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 (የዩኒኮድ ፊደላት በሚቀመጡበት መንገድ) 3 ባይት ይይዛል፤ ርእሱ በጥንቱ የኢሜይል ሥርዓት እንዲያልፍ ሲጠቀለል እያንዳንዱ ፊደል 4 የላቲን ምልክቶች ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ደረጃ አንድ ጥቅል ከ75 ምልክት እንዳይበልጥ ስለሚያዝ፣ ጥቅሉ የራሱ ማሸጊያ 12 ምልክት ሲቀነስለት የሚይዘው 15 የግእዝ ፊደል ብቻ ነው። ረዘም ያለ የአማርኛ ርእስ እንግዲህ ሁልጊዜ በብዙ ቁራጭ ይጓዛል፤ ተቀባዩ ፕሮግራም ቁራጮቹን በትክክል ካልገጣጠመ ርእሱ በጥያቄና በእኩል ምልክቶች የተሞላ ሆኖ ይታያል። ቅሬታው ሲመጣ ላኪው ከመወቀሱ በፊት ደብዳቤው በሌላ ፕሮግራም ይከፈት የሚል ምክር ተከትሎታል።

ጥቅምት 17

ስለ ብልሽት ሪፖርት አጭር ገጽ ጻፍሁ። ፕሮግራሙ ነፃና ኮዱ ክፍት ስለሆነ ማንም በጊትኸብ (ኮዱ በሚቀመጥበት ድረ ገጽ) ላይ ችግሩን ማስመዝገብ ይችላል፤ ያው ችግር አስቀድሞ ተመዝግቦ እንደሆነ መፈለግ፣ የስልኩን የአንድሮይድ እትምና የፕሮግራሙን እትም መጻፍ፣ ከዚያ ችግሩ የሚደገምበትን መንገድ ደረጃ በደረጃ መዘርዘር ይገባል። ሎግ (ፕሮግራሙ የሠራውን የሚመዘግብበት ጽሑፍ) ወደ ፋይል ማውጣትም ይቻላል። ነገር ግን ምሥጢራዊ መረጃ በሎጉ ውስጥ እንዲገባ የሚያደርግ የተለየ ምርጫ በሴቲንጉ አለ፤ እሱ በርቶ የወጣ ሎግ ለሕዝብ በሚታይ ቦታ መቀመጥ የለበትም። ይህን በደማቅ ጽሑፍ አስቀምጫለሁ፤ ለመርዳት ብሎ የራሱን ደብዳቤ ለዓለም የሚበትን ሰው እንዳይኖር።

ጥቅምት 22

ተንደርበርድ ለአንድሮይድ 8.0 ጥቅምት 20 ቀን ወጣ። ገጾቹን ሁሉ በአዲሱ እትም ላይ እንደገና እየሞከርሁ ነው። ስለ ሰርቨር፣ ስለ መሰረዝ፣ ስለ ወጪ ሳጥንና ስለ ጸጥታ ሰዓት የተጻፉት ካለፈው ቃል ሳይነካባቸው አልፈዋል፤ በግርጌያቸው ያለው የእትም ቁጥር ብቻ ተቀይሯል። የጎኑ ዝርዝር ምዕራፍ አሁን ይጻፋል።

አዲስ የተጨመረው ገጽ ከሙከራ እትሙ ወደዚህ መዛወርን ይመለከታል። ሁለቱ በስልኩ ላይ ጎን ለጎን የሚኖሩ ሁለት ፕሮግራሞች ስለሆኑ፣ የሙከራው እትም በራሱ አድጎ 8.0 አይሆንም። ተጠቃሚው ከሙከራው እትም ሴቲንጉን ወደ ፋይል አውጥቶ በአዲሱ ላይ ያስገባል፤ ፋይሉ ፓስወርድ ስለማይይዝ፣ አዲሱ እትም ለእያንዳንዱ አካውንት ፓስወርድ ይጠይቃል፣ ለጂሜይልና ለአውትሉክም መግቢያውን እንደገና ይከፍታል። ኮምፒውተሩ ላይ ተንደርበርድ 128.4 ወይም ከዚያ በኋላ የወጣ ያለው ሰው ደግሞ ሌላ መንገድ አለው፤ ከኮምፒውተሩ ወደ ስልክ ለማውጣት የሚለውን መርጦ በሚታየው የኪውአር ኮድ ላይ ስልኩን ማነጣጠር ነው። በዚህኛው መንገድ ፓስወርዱም አብሮ እንዲሄድ መምረጥ ይቻላል፤ የተመረጠ ከሆነ ግን ያ ኮድ ራሱ ፓስወርድ ነው፤ ስክሪንሾት ተነሥቶ በቴሌግራም የሚላክ ነገር አይደለም።

የመዛወሪያው ገጽ የመጨረሻ እርምጃ የሙከራውን እትም ማንሣት ሲሆን፣ ከእሱ በፊት ሁለት ነገር እንዲረጋገጥ ይጠይቃል፦ ወጪ ሳጥኑ ባዶ መሆኑ፣ በረቂቅ ያሉትም በብራውዘር ሲከፈቱ ሰርቨሩ ላይ መታየታቸው። ነገ ከሰዓት የሒሳብ ክፍሉ ኃላፊ በዚሁ ገጽ እየተመሩ ይዛወራሉ፤ የሚቀጥለው እርማት የሚወሰነው እሳቸው ቀና በሚሉበት ቦታ ነው። የደብዳቤ ምስጠራን የሚመለከተው ምዕራፍ፣ ተጨማሪ ፕሮግራም መጫን ስለሚጠይቅ፣ በሁለት ስልኮች መካከል ተሞክሮ እስኪታይ ድረስ በረቂቅ ይቆያል።